ስለ ተቆረጠው የውሃ ጅራት

ለክቡር ኢንጂነር ቀይስ ቢን ሙርሺድ፣
የተቀናጀ ዘመናዊ የፈለጅ ስርጭት ጽሕፈት ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ ደርሷል ተብሎ ስላልደረሰ ውሃ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ፣ እንዲሁም ከመስኮትዎ ሥር ሳያቋርጥ ለሚረጨው ፏፏቴ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ባለፈው ወር አቤቱታ ይዤ በመጣሁ ጊዜ ከበር ጠባቂው ጋር ለሁለት ሰዓት ያህል ቆሜ ፏፏቴውን የማየት ዕድል ስላገኘሁ፣ እንደ ቅርብ ዘመድ ደህንነቱ ያሳስበኛል። እኛም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከጥማት በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

እኔ ሙሰለም ቢን ዑበይድ እባላለሁ። ሰላሳ አንድ ዓመት በፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለይና ማኅተም ስመታ ኖሬ በጡረታ የተሰናበትሁ፣ በሐጅረት ሰድር መንደር፣ ከተራራው ሥር ውሃ ከሚያመጣልን ከፈለጁ ቦይ መጨረሻ ላይ አሥራ ሁለት የተምር ዛፎች የነበሩኝ ሰው ነኝ። ዛሬ ዘጠኝ ናቸው። ተምር እንደ ሰው ነው፤ ክንዱ ቢቆረጥ ይኖራል፣ አናቱ ከደረቀ ግን አይመለስም። የሦስቱ አናት ደርቋል፤ የቀሩት ዘጠኙም እስከ ለቀማው ወር መድረሳቸውን እንጃ። በእርስዎ መዝገብ ስሜ «የመጨረሻ ተጠቃሚ ቁጥር አርባ ሰባት» ነው፤ ስላወጡልኝ ስም ከልብ አመሰግናለሁ።

ፈለጃችንን ሊያዘምኑልን የመጡበትን ቀን አልረሳውም። በመስጊዱ ግቢ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሐልዋ ቀርቦ፣ እርስዎ በዋናው ከተማ የፋይበር ኦፕቲክ መስመር ዘርግተው ስመ ጥር የሆኑ ሰው መሆንዎ ተነገረን። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ የሚሮጥበትን ጥበብ ለውሃም ሊያወርሱት እንደመጡ ገለጹልን። «ውሃና መረጃ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ይፈስሳሉ፤ ልዩነታቸው አንደኛው ማርጠቡ ብቻ ነው» ሲሉ አጨበጨብን። እኔ ከሁሉ አብልጬ አጨበጨብሁ፤ ይህን የምጽፈው ጥፋቴን ሸሽጌ እርስዎን ብቻ ለመክሰስ እንዳልተነሳሁ እንዲያውቁልኝ ነው።

ያላጨበጨበው በማዕረጉ ዓሪፍ የምንለው የውሃ ዳኛችን፣ ዓሪፍ ሙሃና ብቻ ነበር። ስልሳ ዓመት ሙሉ በግቢው በተተከለች ዘንግ ጥላ የሁላችንንም ተራ እየለካ የኖረ ሰው ነው። እጁን አንሥቶ፣ «ልጄ፣ ውሃው ከመክፈያው ድንጋይ ተነሥቶ ሙሰለም ጋ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል ብለህ ነው?» ብሎ ጠየቀዎ። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «አባቴ፣ በእኛ ሥርዓት መዘግየት የሚባል ነገር የለም፤ ዜሮ ነው» አሉት። «እንግዲያው ውሃ አይደለማ» አለና ጫማውን አጥልቆ ሄደ። እኛም ከኋላው ሳቅንበት። ለዚያ ሳቅ ዛሬ ዋጋውን እየከፈልን ነው፤ በአንድ ነገር ላይ እንኳ ክፍያ ሳይዘገይ መፈጸሙ ሥርዓትዎን የሚያስመሰግን ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ቅሬታዎች በቁጥር ማቅረቤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር ስለሚወድ ነው።

አንደኛ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ለየቤቱ ካደሉት የቃላት መጽሐፍ ልጀምር። ስልሳ አራት ቃላት አሉበት፤ ሁሉንም በቃሌ አጥንቻለሁ፤ ውሃ ከሌለው አትክልተኛ በላይ ለጥናት ጊዜ ያለው ማን ነው? ከተራራው ሥር ያለው እናት ጉድጓድ «ዋና ማሠራጫ» ሆነ። አባቶቻችን በጉልበታቸው ተንበርክከው የቆፈሩት ቦይ «ፋይበር» ተባለ። ውሃውን የሚከፍለው ድንጋይ «ስፕሊተር»፣ የአትክልታችን በር «ተርሚናል»፣ ተራችን «የግንኙነት ክፍለ ጊዜ» ተባሉ። በስንጥቅ ሰርጎ የሚጠፋው ውሃ «የሲግናል መዳከም» የሚል ማዕረግ አገኘ፤ ስንጥቁ ግን ስሙ ከመቀየሩ በቀር ማንም አልነካውም። በቦዩ ውስጥ የሚዋኙት፣ ጣት የማያክሉት፣ የቢንቢ እጭ የሚለቅሙልን ዓሦች «ፈቃድ የሌላቸው መሣሪያዎች» ተብለው በወንፊት ተጠርገው ወጡ። ቢንቢዎቹ በመጽሐፉ ውስጥ ስም ስላልወጣላቸው በሰላም እየተባዙ ናቸው። ሴቶቻችንም ተምረዋል። በቀደም ባለቤቴ ሙዝና ከጎረቤት ጋር በግንብ ላይ ስትጨዋወት፣ «እናንተ ቤት ሲግናሉ እንዴት ነው?» ብትላት፣ «ምን ሲግናል አለ እህቴ፣ እኛ ጋ ላብ ብቻ ነው የሚፈሰው» ብላ ጎረቤቷ ስትመልስላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዚህ ረገድ የዕውቀት ሽግግሩ እንደተሳካ በደስታ አረጋግጥልዎታለሁ።

ሁለተኛ። ይህኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። ከመክፈያው ድንጋይ እስከ እኔ በር አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ እርምጃ ነው። ተራዬ በየስምንት ቀኑ ግማሽ ሰዓት ናት፤ ከአያቴ ጀምሮ እንዲሁ ናት። ቦዩ በበጋ ደርቆ ሲቆይ ውሃው እየላሰ፣ እየተጠጣ፣ ቅጠልና አቧራ እየገፋ እኔ ጋ ለመድረስ ሃያ አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። ዓሪፍ ሙሃና ይህን ስለሚያውቅ የእኔን ግማሽ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ውሃው ሲለቀቅ ሳይሆን የእኔን በር ደፍ ሲያረጥብ ነበር። ደረቅ የተምር ፍሬ ልባስ በውሃው ፊት ላይ ይጥልና አብሮት ይራመዳል። እኔም ደፌ ሲረጥብ «ደረሰ!» ብዬ እጣራለሁ፤ ከላይ ያለው ቤት ይቀበለኛል፣ ከእርሱ በላይ ያለው ይቀበለዋል፣ ጩኸቱ በቦዩ ሽቅብ ወጥቶ ዘንጓ ዘንድ ይደርሳል። ያን ጊዜ ጥላዋ ላይ ጠጠር ይቀመጣል። ተራው ሲያበቃ ደግሞ በቦዩ ውስጥ የቀረው ውሃ፣ ጅራቱ የምንለው፣ ቦዩን ላራሰው ለመጨረሻው ሰው ይተዋል። ዓሪፉ ከመሄዱ በፊት ሁልጊዜ፣ «ደረሰ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ደረሰ ካላልነው አይሄድም።

የእርስዎ ሥርዓት ግን ብርሃን የለመደ ስለሆነ፣ የመክፈያውን በርና የእኔን በር በአንድ ቅጽበት ይከፍታል፣ በግማሽ ሰዓቱም በአንድ ቅጽበት ይዘጋል። ስለዚህ ሃያ አራት ደቂቃ ክፍት በር ፊት ለፊት ቆሜ ደረቅ ቦይ አያለሁ፤ ስድስት ደቂቃ ውሃ አገኛለሁ፤ ከዚያ ብረቱ ዝግት ይላል። ጅራቱ መጥቶ ከብረቱ ጋር ይጋጭና ከቦዩ አፍ ተርፎ ወደ ወንዙ አሸዋ ይፈስሳል። እኔና ሙዝና በባልዲ ልንቀዳው ብንሞክር ከጽሕፈት ቤትዎ በስልኬ መልእክት መጣልኝ፤ «ከተፈቀደው ክፍለ ጊዜ ውጭ መረጃ በማውረድዎ ቀጣዩ ተራዎ ታግዷል» ይላል። እኔ ያወረድሁት አምስት ባልዲ ነበር። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ያለው ሰው ማን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

በፖስታ ቤት ሳለሁ ሁለት ማኅተም ነበረኝ። አንደኛው «ተልኳል» የሚል፣ ሁለተኛው «ደርሷል» የሚል። አንድ ቀን በስንፍና ሁለቱንም ደብዳቤው ከእጄ ሳይወጣ ብመታ አለቃዬ ሦስት ወር ከመስኮት አንሥቶ ከረጢት አሸክሞኛል። እርስዎ ግን በአንድ ጊዜ ለአርባ ሰባት አትክልት ሁለቱንም ማኅተም ስለሚመቱ፣ በእኔ ዘመን አለቃዬ ስላልነበሩ እጅግ እቆጫለሁ።

ሦስተኛ። ለአቤቱታ በተሰጠን ቁጥር በደወልሁ ጊዜ የምታነጋግረኝ ልጅ ትሕትናዋ ልብ ይነካል። «አባቴ፣ እኛ ሲስተም ላይ ውሃው ደርሶዎታል ነው የሚለው» አለችኝ። «ልጄ፣ እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ እግሬ ሥር አቧራ ነው ያለው» አልኋት። «እሺ አባቴ፣ እስቲ አንዴ አጥፍተው ያብሩት።» «ምኑን?» ብላት፣ «እሱን እንኳን እዚህ አልጻፉልኝም» አለች። በማግስቱ አቤቱታዬ «ተፈትቷል» ተብሎ እንደተዘጋ ተነገረኝ። ሰባት ጊዜ ደውያለሁ፤ ሰባት ጊዜ ተፈትቷል። በዚህ ፍጥነት ችግሩ የተፈታለት ሰው በአገሩ ያለ አይመስለኝም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

አራተኛውን ባለቤቴ፣ «ይህን ከጻፍክ እኔ ልጄ ሰልማ ጋ እሄዳለሁ» ስላለችኝ ዘልዬዋለሁ።

አምስተኛ። ዓሪፍ ሙሃና ባለፈው የጾም ወር ማግስት ሞተ። ዘንጓን ነቅለው በቦታዋ አንቴና ካቆሙ ወዲህ፣ በየማለዳው እየመጣ አንቴናው ሥር ይቀመጥ ነበር። በመጽሐፍዎ «ነባር ሥርዓት» የተባለው እርሱ እንደሆነ ስነግረው ስቆ፣ «ነባርስ ነባር ነኝ፤ ሥርዓት መባሉ አይከፋም» ብሎኝ ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ተራ ሁሉ ይቆማል፤ የማንም ተራ ቢሆን፣ ውሃው በመስጊዱ ጀርባ ወዳለው የሬሳ ማጠቢያ ይለቀቃል፤ ይህንንም የሚያዝዘው ዓሪፉ ነው። ዓሪፉ ራሱ ሲሞት ግን የሚያዝዝ አልነበረም። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደወልን። «አስቸኳይ ተጨማሪ ባንድዊድዝ»፣ ማለትም ከተራ ውጭ ውሃ፣ በቅጽ መጠየቅ እንዳለብን፣ መልሱም በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ እንደሚሰጥ ተገለጸልን። ሬሳ በእኛ ሐሩር ሦስት የሥራ ቀን አይጠብቅም። ወጣቶቹ በሩን በመዶሻ እንስበረው ቢሉ ሽማግሌዎቹ ቀጣዩን የመንደሩን ተራ ሁሉ ያግዱብናል ብለው ፈሩ፤ እኔም ከፈሩት አንዱ ነበርሁ። ስልሳ ዓመት ውሃ ሲያካፍል የኖረውን ሰው ከሱቅ በተገዛ የታሸገ ውሃ አጠብነው። ሠላሳ ስምንት ጠርሙስ ፈጀ፤ ክዳኖቹን እየከፈትሁ የማቀብለው እኔ ነበርሁ። መልስዎ በአራተኛው ቀን ደረሰ፤ ጥያቄያችን በመርህ ደረጃ ተቀባይነት አግኝቷል ይላል። ሟቹ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ስድስተኛና ሰባተኛም ነበረኝ፤ ግን ደከመኝ። እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ መፍትሔ እንዲሰጡኝ ጠብቄ አይደለም። በሩን ብሰብር ይቀጡኛል፤ በባልዲ ብቀዳ ያግዱኛል፤ ብደውል ይፈቱልኛል፤ ብመጣ ፏፏቴ ያሳዩኛል። ዛፎቼ ሥር ቁጭ ብዬ ቅጠላቸው ሲንኳኳ ከመስማት በቀር የምችለው ነገር አላገኘሁም። አባቴ የተከላቸው ናቸው፤ እኔ ላይ ደርሰው ሲሞቱ ማየት ያሳፍረኛል፤ ይኸው ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ቀን፣ ተራዬ በሆነበት ቀን፣ ከመክፈያው ድንጋይ ተነሥተው አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባውን እርምጃ በእግርዎ ከውሃው ፊት ጋር ይራመዱ። ጫማዎ እንዳይቆሽሽ ሙዝና ነጠላ ጫማ ታበድርዎታለች። ውሃው እንዴት እንደሚዘገይ፣ በእያንዳንዱ ጎድጓዳ እንዴት እንደሚቆምና ሞልቶ እንደገና እንደሚነሣ ያያሉ። ብርሃን እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት የለውም። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ስም ያውጡለት።

ጊዜዎን፣ ዓይንዎንና ዕንባ የማያውቀውን ልብዎን ስላደከምሁ ይቅርታ እየለመንሁ፣ ለሥልጣንዎ ዕድሜን፣ ለሥርዓትዎ እንደ ብርሃን መፍጠንን፣ ለፏፏቴዎ አለመድረቅን በመመኘት፣ በቦይዎ ጫፍ በትሕትና ቆሜ እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎው ደረቅ አገልጋይ፣
ሙሰለም ቢን ዑበይድ
የመጨረሻ ተጠቃሚ ቁጥር 47

ግልባጭ፦
ለሐጅረት ሰድር መንደር ነዋሪዎች፣ በመስጊዱ በር ላይ እንዲለጠፍ
ከቦዩ ለተባረሩት ዓሦች፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሙዝና ተኝታለችና አራተኛውን ልጻፍ።

ከእኔ በላይ ያለው አትክልት የዓሪፍ ሙሃና ነበር፤ አሁን የሚስቱ የረይያ ነው። እርሷም ከእኔ ትንሽ ብትበልጥ ስምንት ደቂቃ ቢደርሳት ነው፤ አምስት ዛፎቿን በአንድ ጊዜ ልታጠጣ ብላ ባሏ በሠራው ትንሽ ኩሬ ውስጥ በየተራው ታጠራቅመዋለች። የሐዘን ወራቷን ስላልጨረሰች ከቤቷ አትወጣም፤ ኩሬዋን የሚጠብቅላት የለም። ባለፈው ማክሰኞ፣ በቀትር፣ ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ ቤቱ በገባበት ሰዓት፣ ቱቦ በግንቡ ላይ አሻግሬ ኩሬዋ ውስጥ ከተትሁና በአፌ ስቤ ውሃዋን ወደ ዛፎቼ አወረድሁት። ብለምናት ትሰጠኝ ነበር። መለመን ነው ያቃተኝ፤ መስረቅ ግን አላቃተኝም። በእኛ መንደር ሰው ገድሎ የታረቀ አለ፤ የሰው ተራ ሰርቆ የታረቀ ግን አልሰማሁም።

በማግስቱ ከጽሕፈት ቤትዎ መልእክት መጣልኝ። ከዛፎቼ ሥር የተከላችሁት እርጥበት ቆጣሪ ደስ የሚል ቁጥር ልኮላችኋል መሰለኝ፤ «እንኳን ደስ አለዎት! የግንኙነት ጥራትዎ ወደ እጅግ በጣም ጥሩ ደርሷል። ስለመረጡን እናመሰግናለን» ይላል። ስለዚህ ሥርዓትዎ በትክክል እንደሚሠራ ለመመስከር ተገድጃለሁ፤ ይጎድለው የነበረው አንድ ሌባ ብቻ ነው፤ እርሱንም አሟልቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ቆጣሪዎ አልመዘገበውምና እኔ ልመዝግበው። ኩሬው ባዶ ሆኖ ቱቦዬን ስጠቀልል፣ ከግንቡ ወዲያ፣ ከተዘጋው መስኮት ጀርባ የረይያ ድምፅ መጣ። የኔን እርምጃ ከአርባ ዓመት ጀምሮ ታውቀዋለች። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ባሏ በየስምንት ቀኑ ይለኝ የነበረውን ነው ያለችኝ፤ «የሰልማ አባት፣ ደረሰ ወይ?»

አፌ ውስጥ የኩሬዋ ጭቃ ነበር።

«ደረሰ» አልኋት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች።